ወንፈል የገባው ግቢ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንግዲህ አረፉ አያ ጥጋቡ» ይለኛል። ለሰላምታው ያህል አዎን እላለሁ እንጂ ዕረፍቱን አልወደድኩትም። ባለፈው ሰሞን ቡሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ሠራተኛው በየቦታው ተበትኖ ሳለ ግቢው እንዴት ሳይዘጋ ቀረ? ሰው ብዙ ይላል፤ ከእርስዎ አፍ ልስማው» አለኝ። የነገርኩትን ልጄ ይታይሽ ከጓዳ ሆና ትሰማ ኖሮ፣ «ይጻፉት እንጂ አባባ፤ በወሬ ይቅር?» አለች። ጻፍኩት። የጻፍኩትም ሥራ ማለት ወንበር ላይ መቀመጥ ለሚመስለው ሰው ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ አስተማሪ አልነበረኝም። የሒሳብ መጽሐፍ ከጎረቤት ተማሪዎች እየተዋስኩ፣ እንግሊዝኛውን ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ እየለቀምኩ ራሴን አስተማርኩ። ልጆቼ «አባታችን ጨካኝ ነው» ብለው ያድጉ እንጂ፣ መጽሐፍ ገዝቼ ሳልሰጣቸው የቀረሁበት ዓመት የለም። ሳይማር የተማረ ሰው ሰነፍን አይወድም፤ ይህ ጠባይ ጠቅሞኛልም ጎድቶኛልም።

መንግሥት በተለወጠ ዓመት ፍኖተ ሰላም በግብርና መሥሪያ ቤት የመጋዘን ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከእህል አያልፍም ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ስለ መጋዘኑ ኃላፊ ስለ አቶ ወንድይራድ ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ቀጭን ሰው ነበሩ፤ በበጋም በክረምትም ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ። ጠዋት ቢሮአቸው ከመግባታቸው በፊት መጋዘኑን ይዞራሉ። የዘር ከረጢቱን ከላይ ዳብሰው አያልፉትም። እጀታቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው ድረስ እህሉ ውስጥ እጃቸውን ይከቱና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። መሐሉ ከሞቀ እርጥበት ገብቶታል ማለት ነው፤ ወዲያው ይገለበጣል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። «ከረጢት በውጭ በኩል ሁልጊዜ ደህና ነው ጥጋቡ» ይሉኝ ነበር፤ «ሰውም እንደዚሁ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፈቃድ የሚጠይቃቸውን ሰው ለምን፣ ወዴት አይሉትም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ማንን አስተማርክ?» ይታይሽ ልትወለድ ስትል ገጠር ወዳለው ቤቴ ልሄድ ፈቃድ ስጠይቅ፣ የትኛው ዘር የት እንደተደረደረ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እንደሌለ በኩራት ነገርኳቸው። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው አንተ ስትሄድ መሥሪያ ቤቱን ቆልፈህ ልትሄድ ነው» አሉኝ። «ቁልፉን እንጂ እውቀቱን ይዘኸው አትሄድም። ተመለስና አስተምር።»

ለሥራ ጓደኛዬ ሁሉን ነገር እስካሳየው ድረስ አላስወጡኝም። ልጄ ስትወለድ አልደረስኩም። ለብዙ ጊዜ ቂም ያዝኩባቸው።

ከጊዜ በኋላ ሊበን የመጋዘን ሠራተኛ አድርገው ላኩኝ። አንድ ክረምት ድልድዩ በጎርፍ ተወሰደና ከወንዙ ማዶ ያሉት ገበሬዎች ዘር መውሰድ አቃታቸው። አለቃዬ «ይምጡ እንጂ፣ መጋዘኑ የት ሄደ?» ይል ነበር። እኔ ሰባራውን ድልድይ በላይ በኩል ዞሬ ዘሩን በአህያ አሻገርኩትና ማዶ በአንድ ዛፍ ሥር ክረምቱን ሳከፋፍል ከረምኩ። ሰዎቹ በወቅቱ ዘሩ። ከዚያ ደምበጫ ተዛወርኩ። የደምበጫው አለቃዬ ደግሞ ከፊርማ ሰዓት በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም። የዘገየ ቀሪ ነው፤ የቀረ ሌባ ነው። ሥርዓት ወዳድ ስለሆንኩ ይህን ነገሩን ወደድኩለት። ወንድይራድ የሰጡኝን ሸጬ የእሱን ገዛሁ ብል ይሻላል። ቡሬ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተከፍቶ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ስሆን በሩ ላይ እቆም የነበረው የደምበጫውን አለቃ ሆኜ ነው።

ግቢው የእርሻና የእንስሳት ትምህርት የሚሰጥበት ነው። የወተት ላሞች አሉት፣ የዘር ቤተ ሙከራ አለው፣ ተማሪው የሚበላበት ትልቅ ምግብ ቤት አለው። ከመምህራኑና ከሠራተኛው ብዙው ቤተሰቡ ፍኖተ ሰላም ስለሆነ በየጠዋቱ በሚኒባስ ይመጣል፤ ጥቂቱ ከደምበጫ ነው። የከብት በረቱ ሠራተኞች ከቡሬ ዙሪያ ገጠር በእግራቸው ይመጣሉ። ይታይሽም ተምራ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ሆና ነበር። በሩ ላይ ስትዘገይ ካየኋት ከሌላው ይልቅ እሷን እቆጣ ነበር፤ ለልጁ ያደላል እንዳልባል።

ከዚያ አገሩ ተናወጠ። ማን ምን አለ፣ ማን ምን አደረገ የሚለውን ሌላ ይጻፈው። እኔ በዓይኔ ያየሁት መንገዱ መዘጋቱን ነው። ሚኒባስ ቆመ፤ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። መንገዱ ሲዘጋ እኔ ቡሬ ነበርኩና እዚያው ግቢ ውስጥ ዘበኞቹ ክፍል ከተምኩ። ተማሪው አብዛኛው በማደሪያው ነው፤ አስተማሪው አብዛኛው ከተዘጋው መንገድ ማዶ ነው።

ዲናችን ዶክተር ሙሉሰው ከጎንደር የመጣ ትሁት ወጣት ነበር። አንድ ቀን ከዋናው ግቢ ተደውሎለት ሰብስቦን እንዲህ አለ፦ «ትምህርቱንና የተግባር ሥራውን ማስቀጠል ካልቻልን ግቢው ይዘጋል። ተመራቂዎቹ ዓመቱን ይደግማሉ፤ የኮንትራት ሠራተኞች ይሰናበታሉ። መንገዱ ሲከፈት ኮሚቴ መጥቶ ያያል፣ ይወስናል።»

የምግብ ቤቱ ኃላፊ ባንቺአምላክ ከኋላ ቆማ ነበር። ኮንትራት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ሥራ ነው። የበረቱ ሰዎችም ሁሉ ኮንትራት ናቸው።

«አቶ ጥጋቡ፣ ማዶ የቀሩትን ሠራተኞች ምን እናድርጋቸው?» አለኝ ዲኑ።

«ያልመጣ ቀሪ ነው። የሌለን ሰው አለ ብዬ አልፈርምም» አልኩ።

መኪና ባይሄድም ሰው ወደ ገበያ በእግሩ መሄዱን አልተወም ነበር። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች ከተማ ናት፤ በርበሬዋ የታወቀ ነው። በገበያዋ ቀን ከባንቺአምላክ ጋር ለምግብ ቤቱ በርበሬ ልንገዛ ሄድን። ገበያው መሐል ይታይሽ ሕፃኗን አዝላ ብቅ አለች። ከፍኖተ ሰላም በእግሯ ነው የመጣችው።

«አባባ፣ ቀሪ ብለው መዘገቡኝ አሉ» አለችኝ፣ ጉልበቴን ከሳመች በኋላ።

«አልነበርሽማ።»

«መኪና የለም። ይቺን አዝዬ በየቀኑ ልመላለስ?»

«እኔ ምን ላድርግልሽ? ሥራ ያለው ከሥራ ቦታ ነው።»

ልጅቱን ወደ ላይ ነቀነቀቻትና ዓይኔን አየችኝ። «እርስዎ ሊበን ወንዝ ማዶ ዛፍ ሥር ሲከርሙ፣ እማዬ ‹አባታችሁ ሥራ ላይ ናቸው› ትለን ነበር። ያኔ ቢሮዎ አህያው ጀርባ ላይ ነበር እንዴ?»

ባንቺአምላክ በሳቅ ፈረሰች። «እሰይ! መለሰችልዎ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት እርስዎን አይተው ነው።»

«አንቺ በርበሬሽን ምረጪ።»

«እመርጣለሁ። ግን አያ ጥጋቡ፣ እርስዎ የገበሬ ልጅ አይደሉም? ሐምሌ ላይ ወንዝ ሞልቶ አንዱ ማሳው መድረስ ቢያቅተው ጎረቤቱ አያርምለትም? እሱስ ወንዙ ሲጎድል ለዚያ ጎረቤት አያጭድለትም? ወንፈል ለመንግሥት ሠራተኛ ነውር ሆነ?»

ወንፈል ማለት ጉልበትን በጉልበት መበዳደር ነው። ዛሬ የእኔን ትሠራለህ፤ ነገ ያንተን እሠራለሁ። ዕዳው በገንዘብ አይከፈልም፤ ባለ ዕዳው በገዛ እጁ ይመልሳል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የአራስ ቤት ማሳ ቀድሞ ይታረም ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ቢሮ በር ላይ ስደርስ ከጫማዬ ጭቃ ጋር አራግፌው እገባ ኖሯል።

የወንፈሉን ነገር ለዲኑ ብነግረው ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር» አለ። «ማንንም ስንት ሰዓት ሠራህ አንበለው። ምን ሠራህ፣ አምጣና አሳየን እንበለው።»

በዚህ ጀመርን። ከቦታው የማይነሣውን ሥራ፣ ላሙን፣ ወጡን፣ የውኃ ሞተሩን፣ ቡሬ ያለ ሰው ያዘው። ሊሸከሙት የሚችሉት ሥራ ወደ ማዶ ሄደ። ቡሬ ያሉት መምህራን የማዶዎቹን ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፤ የማዶዎቹ ደግሞ ለሁሉም ፈተና ያወጣሉ፣ ያርማሉ። በማንኩሳ ገበያ ቀን አንድ ከዚያ አንድ ከዚህ ሄዶ መሐል ይገናኛሉ። የፈተና ወረቀት በበርበሬ ጆንያ ውስጥ ተጠቅልሎ ያልፍ ስለነበር አንድ መምህር «ተማሪዎቼን ያስለቀሳቸው ጥያቄው ይሁን በርበሬው አላወቅሁም» ብሎ አስቆናል። ለተመራቂዎቹ የመመረቂያ ሥራ የሚሆነውን የዘር ሙከራ ይታይሽ ቤቷ ወሰደችው። እርጥብ አሸዋ በሳህን ላይ ትዘረጋና ዘሩን በመስመር ትደረድራለች፤ ብርድ እንዳይነካው ከምድጃው ግድግዳ አጠገብ ታኖረዋለች፤ ከበቀለው ጤነኛውን ከጠማማው ለይታ ትቆጥራለች። አንዴ የአማቷ ዶሮ ገብታ አንዱን ሳህን ጨረሰችው። አማቷ «ዘራችሁ ጥሩ መሆኑን ዶሮዬ መሰከረች» ብለው ላኩብን። ሙከራው እንደገና ተዘራ።

ነገሩ ሰመረ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ያን ጊዜ ነው ክፉው ነገር የመጣው።

የበረቱን ተራ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መንገዱ ስለሚያስፈራ ከአንድ ጎጥ የሆኑት በአንድነት ይምጡ፣ በአንድነት ይግቡ ብዬ ሁሉንም በአንድ ተራ አሰለፍኳቸው። አለቃቸው አያ ስማቸው የሚባል ነበር፤ ክንደ ረጅም፣ ነገር የማያበዛ ሰው። አንድ ቀን ጠዋት በጎጣቸው አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ሁሉም ወደ ቀብር ሄዱ። እኔ ምግብ ቤቱ ውስጥ እህል ሳስረክብ ቆይቼ ፀሐይ ከፍ ስትል የላሞቹን ጩኸት ሰምቼ ሄድኩ። ያልታለቡት ጡታቸው ተወጥሮ ይጮኻሉ። በማዶው ጥግ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው ጊደር ተኝታለች። ከጥጃው አንዱ እግር ብቻ ወጥቷል፤ ሌላው ወደ ኋላ ታጥፎ ቀርቷል። የከብት ሐኪሙ መምህር ደምበጫ ነው። በረቱ አካባቢ የነበርነው እኔና አንድ ዘበኛ ነን፤ ሁለታችንም ስለዚህ ሥራ ምንም አናውቅም። ስማቸው ቢኖር እጁን በሳሙና ታጥቦ ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሶ ይገፋውና የታጠፈውን እግር በመዳፉ ሸፍኖ ያቃና እንደነበር በኋላ ነገረኝ። እኛ የወጣውን እግር ብቻ ጎተትን። ጎትተንም ገደልናቸው። ጥጃውም ሞተ፣ ጊደሯም ሞተች።

ስማቸው ከቀብር ሲመለስ በረቱ በር ላይ ጠበቅሁት። «ሥራህን ጥለህ!» ብዬ ጮኽኩበት።

ጋቢውን አውርዶ ጊደሯን አያት። «አያ ጥጋቡ፣ ሬሳ አስቀምጬ ላም ላልብ? ነገ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አለኝ።

«አንዳችሁ እንኳ ብትቀሩ ምን ነበር?»

«ማን ይቅር? አንድ እድር ነን። እድሩንስ እርስዎ መች ሳያውቁት ቀርተው?»

አላጣሁትም። እዚህ አገር ያደገ ሰው ከቀብር የሚቀር እንደሌለ ያውቃል። አንድ እድር፣ አንድ ደብር የሆኑ ሰዎችን በአንድ ተራ ማሰለፍ አንድ ቀን ሁሉንም በአንዴ ማጣት እንደሆነ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ ከጎንደር የመጣው ዲን አይደለም። ዋናው ግቢ ወሬው ደርሶት «የምትሉት አሠራር ጨዋታ ነው፤ ሌላ ጥፋት ከተሰማ ኮሚቴም አንልክ፣ እንዘጋዋለን» አለ። ባንቺአምላክ ይህን ስትሰማ አልቀለደችም። ይህም ከዋናው ግቢ ቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ባዶውን የጊደሯን ቦታ እያየሁ ቆሜ ሳለ የወንድይራድ ጥያቄ መጣብኝ። ማንን አስተማርክ? ማንንም። ስማቸውም ማንንም አላስተማረም፤ እኔም አስተምር አላልኩትም። ሰውን ከሰው አሰለፍኩ እንጂ የአንዱን ሥራ ለሌላው አላስተማርኩም።

ተራውን ከሥሩ ነቅዬ እንደገና ሠራሁት። ሠራተኛውን ሁሉ ሁለት ሁለት አጣመድኩ፤ ጥንዶቹም ከአንድ እድርና ከአንድ ደብር እንዳይሆኑ አደረግሁ፤ አንዱ ለቀብር ወይም ለደብሩ ንግሥ ሲሄድ ሌላው ይቀራል። አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይማር ተራ አይገባም፤ መማሩም የሚታየው በእጁ ሠርቶ ነው። ዘበኛው የውኃ ሞተሩን ተማረ፤ ወጥ መሥራትም ተማረ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከስማቸው ጋር ተጣምዶ በረት ገባ። መነጽሩን አውልቆ ላሟ ሥር ተቀምጦ ሲያልብ፣ ስማቸው ከላይ ቆሞ «ጡት ነው ጌታዬ! የቤተ ክርስቲያን ደወል አይደለም፣ አይጎትቱት!» ይለው ነበር። ላሟ ረግጣ ባልዲውን ደፋችበት፤ ግቢው ሁሉ ሳቀበት። ከሳምንታት በኋላ ግን ያቺው ላም ሌላ ሰው ሲቀርባት ታኮርፍ ጀመር።

እኔ ከባንቺአምላክ ጋር ተጣመድኩ። እሷ ከእኔ ግዢውን፣ መጋዘኑን፣ የዘበኞቹን ተራ ተማረች። ፈጣን ናት። እኔ ከእሷ ወጥ ተማርኩ፤ ለዚህ ግን ፈጣን አልነበርኩም።

«ዘይቱን ለምን ቸኮሉበት?» ትለኛለች። «ሽንኩርቱ መጀመሪያ የራሱን ውኃ ይጨርስ። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ። በርበሬው ሲደርቅ ውኃ ጠብ፣ ያማስሉ፤ እንደገና ጠብ። እርስዎ ሰው ማስቸኮል እንጂ ድስት መጠበቅ አያውቁም።»

«ይህን ያህል ጊዜ አንድ ድስት ላይ?»

«የሚበላው እኮ የሰው ልጅ ነው።»

በተራዋ ቀን ቢሮዬ ተቀምጣ ሳያት ልቤ አይችልም ነበር፤ በር ከፍቼ እገባና «ያን አደረግሽ? ይህን ቆጠርሽ?» እላታለሁ። አንድ ቀን ከውስጥ ቆልፋው ጠበቀችኝ። «ዛሬ የእኔ ነው» አለች ከበሩ ወዲያ። ሰውን አምኖ መተው ከመሥራት ይልቅ የሚከብደው አለማመን ለለመዱ ሰዎች ነው። ልጆቼን ያሳደግኩትም እንደዚያው በር እየከፈትኩ ነበር።

በዚህ ዓይነት ወራት አለፉ። ሌላ ቀብር መጣ፤ የማርያም ንግሥ መጣ፤ መንገዱ ተከፍቶ እንደገና ተዘጋ። አንድም ቀን ላም ሳትታለብ፣ ተማሪ ሳይበላ፣ ክፍል ሳይገባ አልዋለም። በመጨረሻ መኪና አልፎ አልፎ መሄድ ሲጀምር ቤተሰቤን ልይ ብዬ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። በደረስኩ በማግሥቱ ታይፎይድ ጣለኝ። ትኩሳቱ ዓይኔን ጋርዶኝ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ኮሚቴው ሳያስነግር ቡሬ ደረሰ።

ይታይሽ ይህን ሰምታ መጥታ ስትነግረኝ ከአልጋው ልነሣ ታገልኩ። «መኪና ፈልጊልኝ» አልኳት።

«የት ሊሄዱ?»

«ኃላፊው በሌለበት ኮሚቴ ሊያየው ነው! ተዘጋ በይው!»

ትከሻዬን ይዛ ወደ ትራሱ መለሰችኝ። «ከአምስት ቀን ወዲህ ያልበላ ሰው ነዎት። ቢሄዱስ ምን ያሳዩዋቸዋል? ያስተማሩት ሰው ካለ እሱ ያሳያቸዋል፤ ከሌለም መሄድዎ አይጠቅምም።»

ልጄ ሳትሆን ወንድይራድ የተናገሩኝ መሰለኝ። ተኛሁ። ያን ቀን ያህል የረዘመ ቀን አላውቅም። ባንቺአምላክ ልጆቿን ይዛ ከሥራ ስትወጣ፣ ተመራቂዎቹ ሻንጣቸውን ተሸክመው በበሩ ሲያልፉ በትኩሳት ውስጥ ይታየኝ ነበር።

የሆነውን የሰማሁት ባንቺአምላክ ራሷ፣ ዲኑና ስማቸው ሊጠይቁኝ በሚኒባስ ሲመጡ ነው። ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው ገቡ። ፊታቸውን ሳይ ማንበብ አቃተኝ።

«በሉ ንገሩኝ» አልኩ።

«መጀመሪያ ይጠጡ» አለች ባንቺአምላክ፣ ለስላሳውን እየከፈተች። ዲኑ ግን አልቻለም፤ ሳቀ።

«የኮሚቴው ሰብሳቢ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው የታሉ ሲል እትዬ ባንቺ ‹ዛሬ እኔ ነኝ› አሉት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አለች እሷ፣ «‹እርስዎ የምግብ ቤቷ ሴትዮ አይደሉም?› አለኝ። ‹ነኝ፤ ምግብ ቤቱን ግን ዛሬ ዘበኛው ይዞታል› አልኩት። ‹ዘበኝነቱንስ ማን ያዘው?› አለኝ። ‹እሱን እርስዎ ቢይዙልን ደስ ይለን ነበር› አልኩት።»

ስማቸው ሳይቀር ሳቀ። ሰብሳቢውም መሳቁን፣ ከዚያ ግን በቁም ነገር ቀኑን ሙሉ መዞሩን ነገሩኝ። የዘበኛውን ወጥ በላ። ስማቸው በዚያ ቀን ለልቅሶ ሄዶ ነበርና በረቱ ውስጥ ያገኘው የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ነው፤ እያንዳንዷን ላም በስሟ እየጠራ፣ የትኛዋ መቼ እንደምትወልድ አስረዳው። ተመራቂዎቹን ስለ ዘር ሙከራቸው ጠየቋቸው፤ ይታይሽ ከላከችው ሳህን ላይ ጤነኛውን ከጠማማው ራሳቸው ለይተው አሳዩ። የማዶ መምህራን ያረሙት ፈተና በርበሬ እንደሸተተ ቀረበ።

«ውሳኔው?» አልኩ።

ዲኑ ወንበሩን ወደ አልጋዬ አቀረበ። «ግቢው አይዘጋም። ተመራቂዎቹ በጊዜያቸው ይመረቃሉ። ከኮንትራት ሠራተኛ አንድም ሰው አይሰናበትም። ሌላም አለ፤ እንዲህ ያለ ችግር ሲመጣ ሌሎቹም ግቢዎች በዚህ አሠራር እንዲሠሩ ሊጠይቁን ነው።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አልቅሼ አላውቅምና ሰው እንዲያየኝ አልፈለግሁም። ባንቺአምላክ ግን ወዲያው፣ «ይዙሩ እንጂ፣ ገና ስለ ዕዳዎ አላወራንም» አለች።

«የምን ዕዳ?»

«የታመሙባቸው ቀኖች ነዋ! የእርስዎን ሥራ የሠራሁት በነፃ መሰለዎት? ወንፈል ነው። ድነው ሲመጡ የእኔን ድስት በገዛ እጅዎ ይመልሱልኛል። ቀኑን የምመርጠው ደግሞ እኔ ነኝ።»

የመረጠችው ቀን የምረቃውን ቀን ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቹ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው በሜዳው ሲሰለፉ፣ ወላጆቻቸው ከየገጠሩ ነጭ ለብሰው ሲጎርፉ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ እኔ የግቢው የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሽርጥ ታጥቄ ምግብ ቤቱ ውስጥ የድግሱ ትልቁ ድስት አጠገብ ቆሜ ነበር። ሽንኩርቱ የራሱን ውኃ ጨርሷል፤ በርበሬው ገብቶ ውኃ ጠብ እያልኩ አማስላለሁ። ተመራቂዎቹ በመስኮቱ ሲያልፉ «አያ ጥጋቡ! አያ ጥጋቡ!» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም በማማሰያው አባርራቸዋለሁ።

ከሜዳው በድምፅ ማጉያ የዲኑ ድምፅ መጣ። ያን ክፉ ጊዜ ግቢው እንዳይዘጋ ላደረጉት ሠራተኞች ሽልማት እንዳለ ተናገረና የእኔን ስም ጠራ።

ባንቺአምላክ ለበዓሉ ለብሳ አምራ ከበሩ ላይ ቆማለች። «ይሂዱ እንጂ! እየጠሩዎት ነው። እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ድስቱን አየሁት። በርበሬው ዘይቱን መትፋት ጀምሯል፤ አሁን ከተዉት ከሥር ይይዛል።

«ዛሬ ቢሮው የማን ነው?» አልኳት።

«የእኔ ነው። ግን ስም የተጠራው የእርስዎ...»

«የተጠራው ኃላፊው ነው። ዛሬ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ሂጂ፣ አታስቸኩዪኝ፤ ድስት ላይ ነኝ።»

ትንሽ አየችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በመስኮቱ ተከተልኳት። መድረኩ ላይ ስትወጣ የበረቱ ሰዎች ከኋላ ሆነው ሲጮኹ፣ የእሷ ልጆች ደግሞ ወንበር ላይ ቆመው ሲያጨበጭቡ አየሁ። ከዚያ እልልታው ስለበዛ ሌላው አልተሰማኝም። ፊቴን ወደ ድስቱ መለስኩ፤ ውኃ ጠብ አደረግሁ፤ አማሰልኩ።

ወጡ አላረረም።